ዙሪያ፦ አርባ ምንጭና አካባቢዋ በምርጫ ካርታ ላይ



የዛሬው ርእሴ የምርጫ ክልል ታሪክ ነው። ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ ፓርቲዎች፣ ስለ እጩዎችና ስለ ድምፅ ቆጠራ ብዙ እንነጋገራለን። ድምፁ የሚቆጠርበትን ወሰን ማን እንዳሰመረው ግን እምብዛም አንጠይቅም፤ እንደ አባያ ሐይቅ ዳርቻ ድሮም እዚያው የነበረ ይመስለናል። መከራከሪያዬ አጭር ነው። በአርባ ምንጭና በአካባቢዋ የአንድ ሰው ድምፅ የት እንደሚቆጠር የወሰነው መስመር በአብዛኛው ለሌላ ጉዳይ፣ ለግብር፣ ለመሬትና ለአስተዳደር የተሰመረ ነው። ድምፁ ኋላ መጥቶ በተሰመረው ላይ ተቀመጠ። የዚህንም ዋጋ ከሁሉ በላይ የሚከፍለው በከተማው ጥግ የሚኖረው ሰው ነው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ የውጭ አገር ጉዳይ ሳነሳ ብቻ በአውሮፓውያኑ እናገራለሁ።

ከአንድ ቃል ልጀምር። አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ባሕር ዳር ዙሪያ፣ ደሴ ዙሪያ፣ ሶዶ ዙሪያ እንላለን። እነዚህ የወረዳ ስሞች ናቸው። «ዙሪያ» የራሱ መሐል የሌለው፣ መሐሉ ሌላ ቦታ የሆነ አገር ስም ነው። በአርባ ምንጭ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ለዘመናት የኖረበት ቀዬ ከከተማዋ በፊት ስም ነበረው፤ ላንቴ፣ ጫኖ፣ ኦቾሎ፣ ዘይሴ ይባል ነበር። ከተማዋ ገና በ1950ዎቹ ከጨንጫ ቁልቁል የመጣች ልጅ ናት። ሆኖም በመዝገብ ላይ ሽማግሌው በልጅቱ ስም ተጠራ። ሌላም የቃል ችግር አለብን። «ክልል» ስንል አንድ ጊዜ የፌዴሬሽኑን አባል መንግሥት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለአንድ መቀመጫ ድምፅ የሚሰጥበትን አካባቢ ማለታችን ነው። ስለዚህ ዛሬ ሁለተኛውን ባነሳሁ ቁጥር «የምርጫ ክልል» እያልኩ ሙሉ ስሙን እጠራለሁ፤ መደጋገሙን ታገሡኝ።

የድምፅ መስጫ ሣጥን ወደ ጋሞ ተራሮች ከመምጣቱ በፊት ውክልና አልነበረም ብሎ መነሳት ስህተት ይሆናል። የጋሞ ደጋ በብዙ «ደሬ» የተከፈለ አገር ነበር፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ቦንኬ፣ ኦቾሎና ሌሎችም። እያንዳንዱ ደሬ ካዎ፣ የማዕረግ ሰዎችና የጉባኤ አደባባይ ነበረው። አደባባዩ ዱቡሻ ይባላል። ሃላቃ የሚሆነው ሰው በጉባኤ ተመርጦ፣ ድግስ ደግሶ ማዕረጉን ይቀበላል። ፈረንሳዊው የሰብእ ጥናት ሊቅ ማርክ አቤሌስ ኦቾሎን አጥንቶ በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረቱን በዚህ የጉባኤ ሥፍራ ላይ ያደረገው በከንቱ አልነበረም። እዚያ ፖለቲካ ቦታ አለው፤ ድንጋይና ዛፍ ያለው፣ ሰው ሄዶ የሚቀመጥበት ቦታ። የደሬውንም ወሰን እረኛው ሳይቀር ያውቀዋል።

ይህን ሥርዓት ወደ ኋላ ተመልሼ ማሞገስ አልፈልግም። ሴቶች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች በጉባኤው እኩል ድምፅ አልነበራቸውም፤ ይህን ሳይጠቅስ ስለ ዱቡሻ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ብቻ ጽፏል። ነገር ግን ያ ሥልጣን ዛሬም አልሞተም። በመስከረም 2011 በቡራዩ በደረሰው ጥቃት ቁጣ የተነሳው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲወጣ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ፤ ወጣቱም ተመለሰ። እነዚያን አባቶች በምርጫ ጣቢያ ድምፅ የሰጣቸው ማንም አልነበረም። የከተማ ልጅና የገጠር አባት በአንድ መንገድ ላይ እንዲያ ከተገናኙ፣ በከተማና በዙሪያው መካከል ያለው መስመር ሰዎች በልባቸው ከያዙት ይልቅ በመዝገብ ላይ የጠነከረ መሆኑን ያሳያል።

ወደ መዝገቡ እንሂድ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ምክር ቤት አቋቋመ፤ የሕግ መምሪያ አባላትን የሚመርጡት ግን መኳንንትና የአካባቢ ሹማምንት ነበሩ። ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጥበትን ሥርዓት ያመጣው በጥቅምት 1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በዚህ ሕገ መንግሥት መሠረት አገሪቱ እያንዳንዳቸው በተቻለ መጠን 200 ሺህ ሰው በሚይዙ የምርጫ ክልሎች ትከፈላለች፤ ከእያንዳንዱም ሁለት እንደራሴዎች ይመረጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ የራሱን አንድ እንደራሴ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 50 ሺህ ሰው ደግሞ ተጨማሪ ይልካል።

ይህን ድንጋጌ ተማሪዎች ቆም ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ዘውዳዊው ሕገ መንግሥት ስለ ዴሞክራሲ የሚያስተምረን ብዙ ነገር የለውም። እጩ ለመሆን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ነዋሪና ባለንብረት መሆን ያስፈልግ ነበር፤ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደግሞ መሬት በማን እጅ እንደነበረ ታውቃላችሁ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ አርቃቂዎቹ አንድ ነገር አስተውለዋል፤ ከተማና ገጠር በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ አንዱ ሌላውን ሊውጠው እንደሚችል። መፍትሔያቸው ከተማውን ከገጠሩ መነጠል ሳይሆን ከተማው በገጠሩ ላይ የሚጨምረውን ድምፅ በቁጥር መወሰን ነበር። በ1950፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961 እና በ1965 አምስት ምርጫዎች በዚህ ሕግ ተካሄዱ። የጋሞ አውራጃ ከጎፋ፣ ከጋርዱላና ከገለብና ሐመር ባኮ አውራጃዎች ጋር የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት አካል ነበር። በዚያን ጊዜ አርባ ምንጭ ገና የምትቆረቆር ከተማ ስለነበረች የ30 ሺሁን ደፍ አልደረሰችም። ሴቻ ላይ መሥሪያ ቤት፣ ሲቀላ ላይ ገበያ፣ በመካከላቸው ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሆን ባዶ መንገድ፤ ያ ነበር ከተማው።

ዛሬ «ከተማ» እና «ዙሪያ» ብለን የምንጠራውን መስመር ያጠበቀው ግን የምርጫ ሕግ አይደለም። የ1967 ሁለት አዋጆች ናቸው። በየካቲት የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን አካባቢ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ አንድ ቤተሰብም ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ደነገገ። በሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የከተማው ሰው ለመኖሪያ ቤት ሊይዝ የሚችለውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነ፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን፣ በኋላ ቀበሌ ያልነውን፣ አቋቋመ።

እንግዲህ አስቡት። በመስመሩ በአንድ ወገን ያለው ሰው መሬት በሄክታር ይለካል፣ በሌላው ወገን ያለው በካሬ ሜትር። አንዱ ለገበሬ ማኅበር ይሰበሰባል፣ ሌላው ለቀበሌ። የአንዱ ጠብ በገበሬ ማኅበር ፍርድ ሸንጎ፣ የሌላው በቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ይታያል። ከዚያ በፊት የከተማው ጥግ ጭጋግ ነበር፤ ገበሬው ሲቀላ ገበያ ውሎ ይገባል፣ ነጋዴው ከከተማ ውጭ ማሳ አለው። ከ1967 በኋላ ጥጉ መስመር ሆነ። መስመሩም ስለ ንብረት እንጂ ስለ ድምፅ አልነበረም፤ በዚያ ዓመት ድምፅ የሚሰጥበት ምክር ቤት አልነበረምና።

ምክር ቤት የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። በሰኔ 1979 ለ835 የብሔራዊ ሸንጎ መቀመጫዎች ምርጫ ተደረገ፤ ለአንድ መቀመጫ ሦስት እጩዎች ቀረቡ፤ እጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን ኢሠፓና የብዙኃን ማኅበራት ነበሩ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ከምርጫው ይልቅ የማስታውሰው ስብሰባውን ነው። ከዚያው ጋር በተያያዘው የአስተዳደር ለውጥ ጋሞ ጎፋ የሚለው ስም ከካርታ ወጣ፤ አርባ ምንጭ የሰሜን ኦሞ አስተዳደር አካባቢ ዋና ከተማ ሆነች። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ መቆየት አያስፈልገንም።

የአሁኑ ሥርዓት የሚጀምረው በ1987 ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ቁጥር ከ550 እንዳይበልጥ፣ ከእነዚህም ቢያንስ 20ው ልዩ ውክልና ያስፈልጋቸዋል ለሚባሉ አናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ይደነግጋል፤ በየምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል። የምርጫ ሕጎቹ ደግሞ አከላለሉን በወረዳ ላይ መሠረቱት። የመቀመጫዎቹ ቁጥር 547 ሆነ። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ 547 ነው።

ወረዳን መሠረት ማድረግ የሚያስመሰግን ጎን አለው። ሰው ወረዳውን ያውቃል፤ ግብር የሚከፍልበት፣ መታወቂያ የሚያወጣበት ቦታ ነው። ፖለቲከኞች እንዳሻቸው ጠማማ መስመር እንዳይስሉም ይከለክላል። ችግሩ ሌላ ነው። ወረዳ የሚፈጥረው የክልል መንግሥት ነው። የምርጫ ክልልን የሚወስነው ደግሞ በአንቀጽ 103 መሠረት የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ በየአሥር ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ ይደረጋል፣ በውጤቱም ላይ ተመሥርቶ ምርጫ ቦርድ ረቂቅ ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይወስናል። መሠረቱን የሚያንቀሳቅሰው አንድ እጅ፣ ቤቱን የሚያቆመው ሌላ እጅ ነው። ሁለቱ እጆች የሚገናኙት በቆጠራ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ ቆሟል።

የፌዴራል ሥርዓቱ ከመጣ ወዲህ ሁለት ቆጠራዎች ብቻ አሉን፤ የ1987 እና የ1999። የመጀመሪያው 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ መዘገበ። ለ547 ስናካፍለው በአማካይ ለአንድ መቀመጫ 98 ሺህ ሰው ይደርሳል። ሁለተኛው 73 ሚሊዮን 750 ሺህ ያህል መዘገበ፤ አማካዩ ወደ 135 ሺህ ወጣ። አራተኛው አገር አቀፍ ቆጠራ በ2009 መደረግ ነበረበት፤ በተደጋጋሚ ተራዝሞ ቀረ። የአገሪቱ ሕዝብ ዛሬ 120 ሚሊዮን ብቻ ነው ብንል እንኳ፣ አንድ ተወካይ የሚቆመው ለ219 ሺህ ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል ከግንቦት 1999 በኋላ የተወለዳችሁ ትኖራላችሁ። መንግሥት እስካሁን አልቆጠራችሁም፤ መምረጥ ግን ትችላላችሁ።

የተወካዩ ሸክም መክበዱ አንድ ነገር ነው፤ ሸክሙ እኩል አለመከፋፈሉ ሌላ ነው። አዲስ አበባና የሶማሌ ክልል በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እኩል 23 መቀመጫ አላቸው። በ1999 ቆጠራ አዲስ አበባ 2 ሚሊዮን 740 ሺህ ገደማ፣ የሶማሌ ክልል ደግሞ ከ4 ሚሊዮን 400 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራቸው። አማካዩ በአንዱ 119 ሺህ፣ በሌላው 193 ሺህ ነው። በኦሮሚያ 178 መቀመጫዎች 152 ሺህ፣ በአማራ 138 መቀመጫዎች 125 ሺህ፣ በቀድሞው የደቡብ ክልል 123 መቀመጫዎች 121 ሺህ፣ በሐረሪ ሁለት መቀመጫዎች 92 ሺህ ይደርሳል። ልዩ የውክልና መቀመጫዎች በድምሩ ውስጥ ስላሉ ይህ ስሌት ሻካራ ነው። አቅጣጫውን ግን አይደብቅም፤ የጂግጂጋው መራጭ ድምፅ ከሐረሩ መራጭ ድምፅ ከግማሽ በታች ይመዝናል።

አሁን ወደ ራሳችን ደጅ እንመለስ። በ1987 ቆጠራ አርባ ምንጭ ከተማ 40,020 ነዋሪ ነበራት። በ1999 74,879 ሆነች፤ እጥፍ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር። በዚያው ቆጠራ አርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ 164 ሺህ ተኩል ያህል ነዋሪ ነበረው። ለክፍል መልመጃ እንዲሆነን ሁለት መንገዶችን እንሞክር።

ከተማውንና ዙሪያውን በየራሳቸው የምርጫ ክልል ብናደርጋቸው፣ እያንዳንዳቸው አንድ መቀመጫ ያገኛሉ። የከተማው አንድ ድምፅ የዙሪያውን ሁለት ድምፅ ያህላል፤ በትክክል 2.2። ስለ ሙዝ ገበያ፣ ስለ መስኖ፣ ስለ ማሳ የሚናገር ተወካይ ግን ለዙሪያው ተረጋግጦለታል። አንድ ላይ ብናደርጋቸው ደግሞ ከ239 ሺህ በላይ ሰው ባለበት የምርጫ ክልል ውስጥ ከተማው 31 በመቶ ብቻ ይሆናል። ብልጫ ድምፅ ብቻ በሚያሸንፍበት ሥርዓት ገጠሩ ከተባበረ ከተማው ድምፁ የለም። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን የፓርቲ ጽሕፈት ቤት፣ ሬዲዮ ጣቢያና ሆቴል ያለው ከተማ ውስጥ ነው፤ እጩውም የሚኖረው ሴቻ ነው። ስለዚህ ከተማው በቁጥር ቢያንስም እጩውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ ገጠሩ ከተመረጡት መካከል ይመርጣል። የ1948ቱ አርቃቂዎች ሦስተኛ መንገድ ነበራቸው፤ ሁለት እንደራሴ ለሁሉም፣ አንድ ተጨማሪ ለከተማው። ያን ድንጋጌ ከነዘመኑ የቀበርነው ሳናነበው ይመስለኛል።

ሁለቱም መንገዶች የማይመልሱት አንድ ሰው አለ። እሱ በጥጉ ላይ ያለው ሰው ነው። ከተማ ሲሰፋ ወደ ባዶ ቦታ አይሰፋም፤ ወደ ሰው ማሳ ይሰፋል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን የገጠር ቀበሌውን አስቀድሞ ይሥለዋል፤ ቀበሌው ወደ ከተማ የሚካተተው ከዚያ በኋላ ነው። ገበሬው ይህ ሲወሰን ድምፁ ያለው በዙሪያ ወረዳ ነው፤ ስለ መሬቱ የሚመክረው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። ከተካተተም በኋላ መሬቱ በሄክታር መለካቱ ይቀርና በካሬ ሜትር ይሆናል። የ1967 መስመር በእግሩ ሥር አለፈ ማለት ነው፤ እሱ ግን ከቤቱ አልተነቃነቀም።

በ2011 ፓርላማው ሁለት አዋጆችን አከታትሎ አጸደቀ። አዋጅ ቁጥር 1161 ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሳ ስለሚከፈልበት ሁኔታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1162 የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ነው። በነጋሪት ጋዜጣ ቁጥራቸው ተከታትሏል፤ አንዱን የሚያነበው የመሬት ጠበቃ፣ ሌላውን የሚያነበው የፓርቲ ሰው ነው። የከተማ ጥግ ገበሬ ሕይወት ግን የሚወሰነው በሁለቱ መካከል ነው። የሕግ ትምህርት ክፍላችን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ቢያስተምር ደስ ይለኛል።

የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫስ? ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ተፈጥሯዊው መድረክ እሱ ነበር። የመጨረሻው የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ነው። በ2010 መደረግ የነበረበት ተራዝሞ ቀረ፤ በ2013 የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ሲመረጡ የተቀረው አገር ግን ለአካባቢ ምክር ቤት አልመረጠም። ስለዚህ ገበሬው የቀረው በር የፌዴራሉና የክልሉ ምክር ቤት የምርጫ ክልል ብቻ ነው። የምርጫ ክልል አከላለል ደረቅ ርእስ ነው የሚለኝን ሰው የምመልሰው በዚህ ነው።

በዚህ ላይ ወረዳዎች በዝተዋል። ከ1993 በፊት ሰሜን ኦሞ ዞን ነበርን፤ ለአራት ሕዝቦች ቋንቋዎች አንድ የጋራ የመማሪያ መጽሐፍ ለማዘጋጀት የተሞከረበት፣ በስሙም ወጋጎዳ የተባለው ሙከራ በሶዶ ደም ካፋሰሰ በኋላ ዞኑ ፈረሰ፤ ወላይታና ዳውሮ የየራሳቸው ዞን ሲሆኑ ጋሞና ጎፋ አንድ ላይ ቀሩ። በ2011 ጋሞና ጎፋም ተለያዩ። ከዚያው ጋር በጋሞ ዞን አዳዲስ ወረዳዎች ተዋቀሩ፤ ጋጮ ባባ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ወጣ፣ ገረሴ፣ ቆጎታ፣ ጋርዳ ማርታ፣ ቁጫ አልፋ፣ ጨንጫ ዙሪያ መጡ። ለነዋሪው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ጽሕፈት ቤቱ ቀረበው። የመቀመጫዎቹ ድምር ግን 547 ላይ እንዳለ ነው። «ወረዳን መሠረት ያደረገ» የተባለው የምርጫ ካርታ መሠረቱ ከሥሩ ሲከፋፈል ባለበት ቆመ። የጋጮ ባባ ሰው በአንድ ካርታ የራሱ ወረዳ አለው፤ በሌላው ካርታ ግን አሁንም የአሮጌው አካል ነው። ካርታዎቹ አንድ ቢሆኑ ተወካዩን ለመጠየቅ ወደ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሚሄድ ባልተቸገረ።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ካርታው ብቻ ሳይሆን ምክር ቤቱ ራሱ የተለወጠበት ነው። በሰኔ 2013 የጋሞ ሕዝብ ለደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ምክር ቤት ተወካዮቹን መረጠ። በአገራችን የክልል ምክር ቤት ምርጫ የሚካሄደው በፌዴራሉ የምርጫ ክልሎች ላይ ነው፤ አንዱ የምርጫ ክልል ለፌዴራሉ አንድ ሰው ሲልክ፣ ለክልሉ ከአንድ በላይ ሊልክ ይችላል። በአዲስ አበባ ቁጥሩ ጎልቶ ይታያል፤ 23 የምርጫ ክልሎች 138 የምክር ቤት አባላት፣ ከእያንዳንዱ ስድስት። ወደ ጋሞ ልመለስ። ጥር 29 ቀን 2015 በስድስት ዞኖችና በአምስት ልዩ ወረዳዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በወላይታ በሰኔ ወር ተደገመ። በነሐሴ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሠረተ፤ መሥሪያ ቤቶቹም በወላይታ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በጂንካ፣ በሳውላና በካራት ተከፋፈሉ። የአዲሱ ክልል ምክር ቤት በአዲስ ምርጫ አልተሞላም፤ በ2013 ለቀድሞው ክልል የተመረጡት ሰዎች የየምርጫ ክልላቸውን ይዘው ገቡ።

በሕግ ይህ ተገቢ መንገድ ነበር። ክልል ያለ ምክር ቤት አንድ ቀን ማደር አይችልም፤ ሰዎቹም በሕዝብ የተመረጡ ናቸው። ነገር ግን መራጩ በ2013 ያሰበውን አስቡት። እጩውን የመዘነው ከሃምሳ በላይ ብሔረሰቦች በተቀመጡበት ሰፊ ምክር ቤት ውስጥ የጋሞን ጉዳይ እንዴት እንደሚያቀርብ ነበር። አሁን ያው ሰው ጠባብ በሆነ ምክር ቤት፣ ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር፣ ስለ ሌላ በጀት ይከራከራል። ሕዝበ ውሳኔው ክልሉን በተመለከተ ጠየቀው፤ ስለ ተወካዩ ግን አልጠየቀውም። ሕገ መንግሥቱ መራጭ በተወካዩ ላይ እምነት ሲያጣ እንዲያወርደው መብት ይሰጣል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን ከእሱ ጋር በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ማወቅ አለበት።

ይህ የኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት በ1901 የተሠራውን ድልድል ስድሳ ዓመት ተጠቅማለች፤ በርሚንግሃም የተባለው ከተማና አካባቢው ሲያድግ የገጠሩ መቀመጫ ባለበት ቆየ። ነዋሪዎቹ ከስሰው በ1964 በአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ረቱ። ሕንድ ደግሞ በ1976 የየግዛቶቿን የመቀመጫ ድርሻ በ1971 ቆጠራ ላይ በሕግ አቆመች፤ በ2001 ደግሞ ከ2026 በኋላ እስከሚደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ድረስ አራዘመችው። ምክንያቷም የሚገባ ነበር፦ የወሊድ መጠናቸውን የቀነሱት የደቡብ ግዛቶች በመልካም ሥራቸው መቀመጫ እንዳያጡ። ትክክል ነው አይደለም ብለን ልንከራከር እንችላለን። የሕንድ ፓርላማ ግን ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ፣ ቀን ቆርጦ ነው ያቆመው። የኛው የቆመው በቆጠራው አለመኖር ነው፤ ይቁም ብሎ ድምፅ የሰጠ ምክር ቤት የለም፤ እስከ መቼ የሚል ቀንም የለውም።

የሚቀርብልኝን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። በዚህ አገር ቆጠራ ማለት ጠብ ነው፤ ወሰን መንካት ማለት ደግሞ ደም ነው፤ የተኛውን አታንቃ የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ፍርሃታቸውን አላቃልልም፤ የሰሜን ኦሞን መፍረስ በቅርብ ያየ ሰው ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን የአስተዳደር ወሰን መነካቱ አልቆመም። በ2011 ተነክቷል፣ በ2015 ተነክቷል፣ ከተማው ቀበሌ ባካተተ ቁጥር ይነካል። ያልተነካው የድምፁ ወሰን ብቻ ነው። ለአናሳዎች የተያዘውም የ20 መቀመጫ ጥበቃ እንዲሁ ነው። ዘይሴን ወይም በአባያ ደሴቶችና ዳርቻ የሚኖሩትን ጊዲቾዎች የመሰለ ሕዝብ ዛሬ ምን ያህል እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ማን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ በምን እንመልሰው?

ለተመራማሪ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ከ1987 ወዲህ ከአርባ ምንጭ ዙሪያ ወደ ከተማው የተካተቱትን ቀበሌዎች አንድ በአንድ መዝግቡ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቀኖች ፈልጉ፤ በከተማው ፕላን ላይ የተሣለበትን፣ በአስተዳደር የተካተተበትንና ነዋሪዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ በከተማው ሥር ድምፅ የሰጡበትን። በመጀመሪያውና በሦስተኛው ቀን መካከል ስንት ዓመት አለ? በእነዚያ ዓመታት መሬቱ ላይ ምን ተወሰነ? መዝገቡ በከተማው ማዘጋጃ ቤትና በወረዳው ጽሕፈት ቤት ተበታትኖ ይገኛል። ሁለቱም ከዚህ አዳራሽ በባጃጅ የሚደረስባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልስማ። ከኋላ በኩል እጅ ያነሳሽው፣ አንቺ ጀምሪልን።